የአባቦራ ኮት

ረሺዳን መጀመሪያ ያየኋት እናቴን ለጡረታ እድሳት ይዣት በሄድኩበት ቀን ነው። ጡረተኛ በየጊዜው በአካል ቀርቦ በሕይወት መኖሩን ማሳየት አለበት፤ እናቴም የሟች አባቴን ጡረታ ስለምትቀበል ትቀርባለች። ወረፋው ረጅም ነበር። እሷን ደረጃው ላይ አስቀምጬ እኔ አጠገቧ ቆምኩ።

ከፊታችን ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ወጥሮ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አለ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የለበሱት ሹራብ አንገቱ ላይ ተተርትሯል። ይህን ያስታወሱት ከተቀመጡ በኋላ ይመስለኛል፤ በእጃቸው አንገታቸውን ሸፈኑ።

"አባት፣ እጅዎን ያውርዱ" አለ ፎቶ አንሺው።

አላወረዱም። ወረፋው ማየት ጀመረ።

ይሄኔ ከግድግዳው ጥግ አንዲት ሂጃብ ያደረገች ሴት ተነስታ ከያዘችው ፌስታል ውስጥ ቡናማ የወንድ ኮት አወጣች። ምንም ሳትጠይቃቸው ከኋላቸው ዞራ አለበሰቻቸው፤ ያሉትን ቁልፎች ቆለፈችላቸው፤ ኮሌታውን ቀና አድርጋ የሹራቡን ትርትር ከእይታ አወጣችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ?" አሉ ሽማግሌው።

"የምትቀበልዎት ከተገኘችማ ምን ገዶኝ!"

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ፤ ፎቶውም እንደሳቁ ተነሳ። ሴትዮዋ ኮቱን ተቀብላ አራገፈችና ለሚቀጥለው ሰው ይዛ ቆመች።

"ማናት?" አልኳት እናቴን።

"አታውቃትም? የአባቦራ ልጅ እኮ ናት። የወታደሮቹ ረሺዳ።"

የዚያን ቀን የእናቴ መዝገብ አንድ ወረቀት ጎድሎት ነበር፤ "ሌላ ቀን ተመለሱ" ከመባል ያዳነችን እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ታሪኳን ከራሷም ከሰውም ሰምቻለሁ። ሥራዋ በአጭሩ ይህ ነው፤ አሮጌ ወታደሮች በሕይወት እያሉ ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ታደርጋለች፤ ሲያርፉ ቤተሰባቸው ከሬሳ ጋር ቢሮ ለቢሮ እንዳይንከራተት። ማንም አልቀጠራትም። ከጅማም አልፋ እስከ አጋሮና እስከ አሰንዳቦ የምታውቃቸውን ብዙዎቹን አሳምናለች። እስካለፈው ወር ድረስ ማሳመን ያቃታት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ባሏ ነው።

ረሺዳ ተወልዳ ያደገችው ጅሬን ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በውትድርና ነው። ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ ቦራ የሚሉት ፈረስ ነበራቸው፤ በጅማ ደንብ ደግሞ የተከበረ ሰው በፈረሱ ይጠራልና አባቦራ ተባሉ። ፈረሱ ሞተ፤ ስሙ ቀረ። የረሺዳ እናት የባሏን ስም መጥራት ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት፤ እሷም አባቦራ፣ ጎረቤቱም አባቦራ። ቀበሌ መታወቂያ ሲሰጥ የመዘገበው ሰውም የሚያውቃቸው በዚሁ ስም ስለነበር የጻፈው አባቦራ ብሎ ነው። በሠራዊቱ መዝገብ ግን አብራር ናቸው። አብራር የሚለውን ስም ረሺዳ ቤት ውስጥ ሰምታው አታውቅም ማለት ይቻላል።

ከቡና መጋዘን ገብታ ለቀማ ስትሠራ ቲጃኒ የሚባሉትን ሰው አገባች። ጋሽ ቲጃኒም ወታደር ነበሩ፤ ቆስለው በጡረታ ከተመለሱ በኋላ እዚያው መጋዘን ጆንያ ይሰፉ ነበር። ሳቢሪን የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ አጋሮ ታስተምራለች። "አባቴ መለዮ ለባሽ፣ ባሌ መለዮ ለባሽ" ትላለች ረሺዳ፤ "እኔ ደመወዝ የሌለኝ ወታደር ነኝ።"

አባቦራ ታመው አዲስ አበባ ሆስፒታል ገቡ፤ ያስታመማቸው የወንድማቸው ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ በፈጅር ሰላት ሰዓት ደውሎ ማረፋቸውን ተናገረ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ዘንድ ሬሳ አይዘገይም፤ ቢቻል የዚያኑ ቀን ወደ አፈር መመለስ አለበት። የጅሬን ወንዶች ማምሻውን ይደርሳል ብለው መቃብሩን ከቀትር በፊት ቆፍረው ጨረሱ።

ሆስፒታል የነበረው ልጅ ግን የያዘው መታወቂያ አባቦራ ይላል። ሆስፒታሉ የመዘገባቸው ደግሞ በጡረታ ደብተራቸው ስለሆነ የሟቹ መዝገብ አብራር ይላል። "ይህ ሰው የእናንተ መሆኑን ከጅማ አጽፋችሁ አምጡ" ተባለ። ረሺዳ ቀበሌ ሮጠች። ቀበሌው ደግሞ "የሞቱት የትኛው ናቸው?" አላት። የሞተ ሰው ስሙን ራሱ መናገር ስለማይችል ምስክር ይቅረብ፣ ፍርድ ቤት ያጽና ተባለ። በመጨረሻ ደብዳቤው ተገኝቶ፣ በፋክስ ተልኮ ሬሳው ሲነሳ፣ ደብዳቤው ሁለት ስም ስለያዘ መንገድ ላይ ያለ ኬላ እንደገና አስቆማቸው።

መቃብሩ ተከፍቶ አደረ። ዘነበ። ወንዶቹ ከጎረቤት ቆርቆሮ አምጥተው ከደኑት፤ ውሃው ግን ከጎን እየሰረገ ገባ። ጠዋት በባልዲ ቀዱት። የረሺዳ እናት ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሰው በገባ ቁጥር "መጣ?" ትል ነበር። አባቦራ የተቀበሩት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው።

"ማንም ክፉ አልሠራብኝም" አለችኝ ረሺዳ ይህን ስታወራኝ። "ሆስፒታሉ ሬሳ እንዳይቀያየር ነው። ቀበሌው እንዳይሳሳት ነው። ኬላውም ሥራው ነው። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ አባቴ ግን ውጭ አደረ።"

ከቀብሩ በኋላ የሞት ምዝገባ ልታስጨርስ ስትሄድ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነገሩን አስረዳት። አባትሽ በሕይወት እያሉ አንድ ቀን መጥተው "ሁለቱም ስም የእኔ ነው" ቢሉ፣ ፎቷቸው ተለጥፎ ማኅተም ተደርጎ በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር አላት። ረሺዳ ይህን ሰምታ ከቢሮው ወጣችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። አንድ ጠዋት። ያኔ ጋሽ ቲጃኒን አሰበች። እሳቸውም ሁለት ስም አላቸው። ልጅ ሆነው ሲዘምቱ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ በታላቅ ወንድማቸው በፋሂም ስም ነው የተመዘገቡት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያደረገው ልጅ ብዙ ነው። ወንድማቸው በወጣትነቱ ሞተ፤ እሳቸው በጡረታ ደብተራቸው ላይ እስከ ዛሬ ፋሂም ናቸው፤ በመታወቂያቸው ደግሞ ቲጃኒ።

የዚያኑ ምሽት ነገረቻቸው። "ገና የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ወደ እኔ ዞርሽ?" አሏትና ፊታቸውን አዞሩ።

ወደ ሌሎቹ ሄደች። እዚያም ያው ነው። በእኛ አገር ላልሞተ ሰው የሞት ወረቀት ማዘጋጀት ሟርት ነው። ጅሬን፣ ከአባቦራ ቤት ራቅ ብሎ፣ ሻምበል ባሻ ደምመላሽ የሚባሉ አሮጌ ወታደር ነበሩ። የእሳቸው ስም አንድ ነው፤ ነገር ግን በሠራዊቱ መዝገብ ተጠሪያቸው እናታቸው ናቸው፤ እናታቸው ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ነገር ቢሆኑ ባንዲራውንና የጡረታውን ጉዳይ ተቀብሎ የሚፈርም በሕይወት ያለ ሰው በመዝገቡ ላይ የለም። ረሺዳ ይህን ልታስረዳ ቤታቸው ስትሄድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጣይቱን ልብስ ሲያጥቡ አገኘቻቸው።

"ምነው አንቺ! ሰውዬው ትንፋሹ ሳይወጣ ልትገንዢው መጣሽ?"

"እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ ብዬ…"

"ለእኔ ብለሽ? ሂጂ፣ ሂጂ! ለእኔ ከሆነ ከዚህ ደጅ ጥፊልኝ!"

ወይዘሮ ጣይቱ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ከኋላዋ ደፉት። ነገሩ ከእርምጃዋ ጋር እንዲታጠብ ነው። ረሺዳ እስከ ጉልበቷ ረጥባ ቁልቁለቱን ወረደች።

ዘዴው የመጣላት በአንድ የጡረታ እድሳት ቀን ባሏን ይዛ ስትሄድ ነው። ቤታቸው ቢሄዱባቸው የሚያባርሩት ሽማግሌዎች ሁሉ በራሳቸው እግር፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ በሕይወት መኖራቸውን ሊያሳዩ መጥተዋል። "አለሁ" ሊል የመጣ ሰው ሟርት አይፈራም። ደግሞም ፎቶ ይዟል፤ መታወቂያ ይዟል፤ የጦር ጓደኞቹ አጠገቡ ናቸው።

እዚያው ወረፋ ላይ ጀመረች። "ጋሼ፣ አለሁ ብለው ሲፈርሙ አብረው ስምዎንም ያቃኑት። የመኖር ወረቀት ነው።" በመስኮቱ በኩል የምታስተናግደው ዮርዲ የምትባል ወጣት ናት። መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ ከዚያ አለቃዋን ጠይቃ መጣች። "ረሺ፣ ይሄ እኮ ሲምፕል ነው። እኛም ሰው ከሞተ በኋላ ነው የምንሰቃየው። እነሱ ራሳቸው ከመጡ በቃ፣ ሁለተኛውን መስኮት እከፍታለሁ።" ከፈተችም። ስም የሚያቃና፣ ተጠሪ የሚቀይር፣ ጋብቻውን የሚያስመዘግብ ሁሉ እዚያው መስተናገድ ጀመረ። መምጣት ላቃታቸው ሕመምተኞች ዮርዲ ቤት ድረስ ትሄዳለች። እግዚአብሔር እንዲህ ያሉ ሰዎችን በየመስኮቱ ያስቀምጥልን።

ኮቱ የአባቦራ ነው። ከሆስፒታል ከሬሳው ጋር የተመለሰ። አሮጌ ወታደር ያለ ኮት ፎቶ መነሳት ይከብደዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ኮት የላቸውም። ስለዚህ በዚህ ከተማ አሮጌ ወታደሮች ሁሉ ፎቶ ላይ ከአንድ ሱቅ የለበሱ ይመስላሉ።

ሻምበል ባሻ ደምመላሽም በተራቸው ለእድሳት መጡ። "መቃብር ቆፋሪዋ ይቺ ናት?" አሉ ጮክ ብለው።

"እኔ አልቆፍርም ጋሼ። የተቆፈረው ክፍት እንዳያድር ነው የምለፋው።"

የያዘችውን ኮት በጣታቸው ዳሰሱት። "የማን ኮት ነው?"

"የአባቴ። አባቦራ ይባላሉ።"

"የፈረሰኛው አባቦራ? ወታደር ነበር እንዴ?"

"እንደ እርስዎ።"

"እንግዲያውስ በደንብ ቆልፊው" አሉና ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። አንዱ ቁልፍ አልነበረም፤ በእጃቸው ሸፍነው ተነሱ። ተጠሪያቸው ጣይቱ ተብሎ ተጻፈ።

በነሐሴ አረፉ። ጠዋት አረፉ፤ ወረቀቱ ከቀትር በፊት አለቀ፤ በዘጠኝ ሰዓት ሣጥናቸው ባንዲራ ለብሶ፣ ጓደኞቻቸው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቤተ ክርስቲያን ገባ። እኔም ነበርኩ። ከፊት የተያዘው ፎቶ ላይ ያ ቡናማ ኮት አለ። ወይዘሮ ጣይቱ አለቀሱ፤ እንደ ደንቡ አለቀሱ እንጂ አንድም ሰው "ይህ ጎደለ" ብሎ ከለቅሷቸው አላስነሳቸውም።

ከአርባው በኋላ ወይዘሮ ጣይቱ ከጅሬን ወርደው አወቱ መንደራ ሰፈር ወዳለው የረሺዳ ቤት መጡ። "ያን ኮት ስጪኝ፣ ልጠበው" አሉ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ሲመለስ በጎደለው ቁልፍ ቦታ የነሐስ ቁልፍ ተሰፍቶበታል። ከሻምበል ባሻ የክብር ልብስ የተነቀለ ነው። ስለዚያ የልብስ ውሃ ሁለቱም አላነሱም።

ይህ ቁልፍ ነው እንግዲህ በረሺዳ ላይ የመጣባት።

ባለፈው ወር እናቴ "ለዚያች ልጅ ይህን አድርስልኝ" ብላ አንድ ጣሳ ማር ሰጠችኝ። የመድኃኔ ዓለም ዕለት ነበርና ከቅዳሴ መልስ ኮቴን እንደለበስኩ በዚያው አለፍኩ። ሐሙስ ነበር። ጋሽ ቲጃኒ በረንዳው ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ጆንያ ይሰፋሉ። እግራቸው አብጧል። ልባቸው ደክሟል ተብለው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላቸዋል፤ ጉዞው ሰኞ ነው። ሪፈሩ የተጻፈው በጡረታ ደብተራቸው፣ በፋሂም ስም ነው።

"ግባ፣ ግባ" አሉኝ። "አንተንም ልታስመዘግብህ ነው?"

"እኔ ወታደር አይደለሁም ጋሼ።"

"እሷ ምን ገዷት! ነፍስ ያለው ሁሉ ይበቃታል።"

ረሺዳ ከውስጥ ሰማች። "አባ ሳቢሪን፣ ማሎ፣ እባክህ! እንግዳ ፊት!" ማሩን ተቀብላኝ አመሰገነች፤ እናቴን መረቀች። ከዚያ በእጇ ኮቱን ይዛ ወጣች። ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ነበር የምታወራው። "ነገ ጠዋት ዮርዲ ትመጣለች። ፎቶ አንሺውም ይመጣል። አንዴ ለብሰህ 'ቲጃኒም ፋሂምም እኔ ነኝ' ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ሰኞ በሰላም ሄደህ፣ ኢንሻአላህ ድነህ ትመጣለህ።"

"ድኜ የምመጣ ከሆነ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል?"

"ካልሆነስ? እንደ አባቴ…"

"ተይ! አየህ?" ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን ኮት የለበሰ ሁሉ የት ነው ያለው? አባቦራ፣ አፈር። ደምመላሽ፣ አፈር። ደምመላሽ እኮ አንድ ምሽግ ውስጥ አብረን ኖረናል። ቁልፉ ይኸው፣ ያየኛል። እኔ የሙታን ኮት አልለብስም።"

"ጓደኛህ ጋሽ ፈለቀ ለብሰውታል" አለች ረሺዳ። "ትናንት ገበያ ውስጥ በበቆሎ ዋጋ ሲከራከሩ አይቻቸዋለሁ።"

"ፈለቀ? እሱንማ ሞትም ቢሆን አይፈልገውም!"

ሦስታችንም ሳቅን። ጋሽ ቲጃኒ ግን ሲስቁ ትንፋሽ አጠራቸው፤ መርፌውን አስቀምጠው ደረታቸውን ያዙ። ረሺዳ ውሃ አቀበለቻቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅን።

"እንዲሁ በሸሚዝ ቢነሱስ ጋሼ?" አልኳቸው።

"በሸሚዝ? ጥበቃ መስዬ?" ቆጣ አሉ። "እኔ ያለ ኮት ተነስቼ አላውቅም። የራሴ ደግሞ ይኸው አካሌ አብጦ አልገባ አለኝ። ስለዚህ ፎቶ የለም። አልሐምዱሊላህ፣ ጉዳዩ አለቀ።" መርፌያቸውን አንስተው ወደ ጆንያው ተመለሱ።

ጥቂት ተጫውተን ልሄድ ተነሳሁ። ረሺዳ ልትሸኘኝ ወጣች። ከግቢው በር ውጭ፣ ጋሽ ቲጃኒ በማይሰሙን ቦታ ስትደርስ ቆመች። ቡናማውን ኮት እንደታቀፈችው ነው። ልታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ትከሻዬን ግራና ቀኝ አየች፤ ቡና ስትለቅም እንዲህ የምታይ ይመስለኛል።

"ወንድሜ፣ አንተ ሰፊ ነህ" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"ይህን ኮትህን ነገ ጠዋት ታውሰኛለህ? ማሎ፣ እንቢ አትበለኝ። ግን ለእኔ አትስጠኝ፤ ከእኔ እጅ ከመጣ አይለብሰውም። ዮርዲ ሳትመጣ ራስህ ለብሰኸው ና። አጠገቡ ተቀመጥ፣ አጫውተው፤ ከዚያ አውልቀህ አልብሰው። በሕይወት ያለ ሰው ኮት መሆኑን አንተው ንገረው።"